አሥራ ስድስት ዓመት የተጠበቀው ልጅ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1998 አጋማሽ በአሜሪካ አንዳንድ ሲኒማ ቤቶች ያልተለመደ ነገር ታየ። ሰዉ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ትኬት ይቆርጣል፤ ገብቶ ይቀመጣል፤ መብራት ይጠፋል። የመጪ ፊልሞች ማስታወቂያ ይጀምራል። ከእነዚያ መካከል ሁለት ደቂቃ ያህል የምትፈጀዋ አንዷ ስታልቅ አዳራሹ በጩኸትና በጭብጨባ ይደበላለቃል። ከዚያ ዋናው ፊልም ሊጀምር ሲል ብዙው ታዳሚ ካፖርቱን አንሥቶ ውልቅ ይላል። ብራድ ፒት የሚተውንበት የሦስት ሰዓቱ «ሚት ጆ ብላክ» በባዶ ወንበሮች ፊት ተጀመረ።

የወጡት ሰዎች ከመነሻውም የመጡት ለማስታወቂያዋ ነበር። ጭጋግ የለበሰ ሜዳ፣ ከጭጋጉ ውስጥ በእንግዳ እንስሳት ጀርባ ላይ ሆነው ብቅ የሚሉ ፍጥረታት፣ ከሁለቱም ጫፍ ቀይ ብርሃን የሚያወጣ ጎራዴ፣ እንዲሁም ፊቱ ፈካ ያለ አንድ ትንሽ ልጅ። ያ ልጅ ሲያድግ ምን እንደሚሆን በአዳራሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ፊልሙ «ስታር ዋርስ፦ ዘ ፋንተም ሜናስ» ይባላል። ለሕዝብ የቀረበው ሜይ 19 ቀን 1999፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 11 ቀን 1991 ዓ.ም. ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያን ዕለት የመጨረሻው የስታር ዋርስ ፊልም ከታየ አሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር። በሲኒማ ታሪክ የዚህን ያህል በጉጉት የተጠበቀ ፊልም ማግኘት ያስቸግራል፤ የወዳጆቹን ልብ የዚህን ያህል የሰበረም እንዲሁ። በእኔ እምነት የዚህ ፊልም ታሪክ ከሁሉም በላይ የመጠበቅ ታሪክ ነው። የሚጠብቅ ሰው እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። በልቡ የራሱን ፊልም እየሠራ ነው የሚጠብቀው።

የጥቁር ጭምብሉ ሰው

ከስታር ዋርስ አንዱንም ክፍል ያላየ ሰው እንኳ ያንን ጥቁር ጭምብል ያውቀዋል። ከራስ ቁሩ ሥር የሚሰማውን ከባድ ትንፋሽም ያውቀዋል። ዳርዝ ቬደር ይባላል። ሰውነቱ የእንግሊዛዊው ጡንቸኛ የዴቪድ ፕራውዝ፣ ድምፁ የጥቁር አሜሪካዊው ተዋናይ የጄምስ ኧርል ጆንስ ነበር።

በሜይ 25 ቀን 1977 የመጀመሪያው ፊልም ሲከፈት ያሳዩት ሲኒማ ቤቶች 32 ብቻ ነበሩ። አከፋፋዩ ኩባንያም ቢሆን ብዙ ተስፋ አልጣለበትም። ታሪኩ ቀላል ነው፦ በበረሃማ ዓለም ያደገ ወጣት፣ ከሰው ርቆ በዋሻ መሰል ጎጆ የሚኖር አዛውንት ተዋጊ፣ የተማረከች ልዕልት፣ ግፈኛ መንግሥት፣ የመንግሥቱም ጥቁር ለባሽ አሽከር። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሉካስ በካሊፎርኒያዋ ትንሽ ከተማ በሞዴስቶ የተወለደ፣ ልጅነቱን በመኪና እሽቅድድም ፍቅር ያሳለፈ ዓይነ አፋር ሰው ነው። በዚያ ክረምት ፊልሙ አሜሪካን ጠቅልሎ ያዘ፤ ከዚያም ባሕር ተሻገረ።

ታሪኩን ከተረት ወደ መከራ የቀየረው ግን በ1980 የወጣው ሁለተኛው ክፍል ነው። ጥቁር ለባሹ ሰው የወጣቱን እጅ ከቆረጠ በኋላ አባቱ መሆኑን ነገረው። በ1983 በወጣው ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ልጁ አባቱን ከክፋቱ መለሰው፤ ጭምብሉም ተነሣ። ከሥሩ የወጣው የአንድ የገረጣ፣ ጠባሳ የበዛበት ሽማግሌ ፊት ነበር። ጥቂት ደቂቃ ታይቶ ሞተ።

ያ ፊት ነው ሰዉን እንቅልፍ የነሣው። ይህ ሰው መጀመሪያ ምን ነበር? ምን ቢያገኘው ነው እንዲህ የሆነው? ፊልሞቹ የሰጡት ፍንጭ እጅግ ጥቂት ነው። በመጀመሪያው ክፍል አዛውንቱ ተዋጊ ኦቢ ዋን ስለ ወጣቱ አባት ሲናገር፣ ድንቅ አብራሪና መልካም ወዳጅ እንደነበረ ያነሣል፤ ስለ አንድ ያለፈ ታላቅ ጦርነት ጠቀስ አድርጎ ያልፋል። በእነዚያ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ላይ አንድ ትውልድ የየራሱን ዓለም ሠራ። በዚያ ላይ የ1980ው ፊልም ሲጀምር «ክፍል አምስት» የሚል ጽሑፍ ታየ፤ በ1981 የመጀመሪያው ፊልም ዳግም ሲወጣ «ክፍል አራት» ተባለ። ታዲያ ከአንድ እስከ ሦስት ያሉት የት ሄዱ? ተመልካቹ ይህን እንደ ቃል ኪዳን ቆጠረው፤ ቃል ኪዳኑ እስኪፈጸምም ቁጭ ብሎ መጠበቅ ጀመረ።

ለምን ዘገየ?

አንደኛው ምክንያት የሰውዬው ሕይወት ነው። ሦስተኛው ፊልም በወጣበት በ1983 ሉካስ ከባለቤቱ ከማርሻ ጋር ተፋታ። ማርሻ ሉካስ የመጀመሪያውን ስታር ዋርስ ካቀናበሩት ሦስት ኤዲተሮች አንዷ ስትሆን በዚያ ሥራ የኦስካር ሽልማት የተቀበለች ባለሙያ ናት። ከዚያ በኋላ እሱ ልጆቹን ማሳደግና ኩባንያዎቹን ማስፋፋት ያዘ። ለፊልም የሚታይ ምትሐት የሚሠራውም፣ ድምፅ የሚያቀናብረውም፣ የሲኒማ ቤት ድምፅ ጥራት የሚመሰክረውም የእሱ ቤት ሆነ።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ይመስጠኛል። የዚያ የቀደመ ዘመን ታሪክ የሚፈልገውን በዚያን ጊዜ መሥራት አይቻልም ነበር። ከዳር እስከ ዳር ከተማ የሆነች ፕላኔት፣ በሺዎች የሚቆጠር የሮቦት ሠራዊት፣ በጉልበታቸው ዘመን ያሉ ተዋጊዎች፤ ይህ ሁሉ በፕላስቲክ ሞዴልና በላስቲክ ጭምብል የሚወጣ አልነበረም። በ1993 የስቲቨን ስፒልበርግ «ጁራሲክ ፓርክ» ወጣ። ዳይኖሰሮቹን በኮምፒዩተር ያስነሡት የሉካስ ኩባንያ ባለሙያዎች ነበሩ። እንስሳቱ ሲተነፍሱ፣ ቆዳቸው ዝናብ ሲመታው ሲያይ ሉካስ የሚጠብቀው መሣሪያ መድረሱን አወቀ። ኖቬምበር 1 ቀን 1994 ቢጫ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ተቀመጠ።

የሚጠብቀው ሕዝብ በዚህ መሐል ሥራ ፈት አልነበረም። በ1991 ቲሞቲ ዛን የተባለ ደራሲ ከፊልሞቹ በኋላ የሆነውን የሚተርክ ልብ ወለድ አሳተመና መጽሐፉ በሽያጭ ከፊት ተሰለፈ። የሞተ የመሰለው ፍቅር ያኔ ሕያው መሆኑ ታወቀ። በ1997 ሦስቱ የድሮ ፊልሞች ታድሰው ሲኒማ ቤት ሲገቡ በ1977 ልጆች የነበሩት የራሳቸውን ልጆች እጅ ይዘው ተሰለፉ።

> ሁለት ትውልድ የተሰለፈበት ፊልም ሁለቱንም ትውልድ ማርካት ይጠበቅበት ነበር።

ከዚያ አንድ ፖስተር ወጣ። የአሸዋ ቀለም ካለው ግድግዳ አጠገብ አንድ ሕፃን ልጅ ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ ይራመዳል። ፀሐዩ ከጎን ይመታዋል። ግድግዳው ላይ የወደቀው ጥላ ግን የልጅ ጥላ አይደለም፤ ካባና የራስ ቁር ያለበት የዳርዝ ቬደር ጥላ ነው። ያንን ፖስተር አይቶ የማይደነግጥ ወዳጅ አልነበረም። እኔ እንደማምነው ያች አንዲት ሥዕል ፊልሙ በሁለት ሰዓት ከሩብ ሊል የፈለገውን ሁሉ ብላለች፤ ችግሩም እዚያ ላይ ይጀምራል። ፖስተሩን ያየ ሰው ቀሪውን ራሱ ሞላው።

ጥጥ፣ ጨውና ማዕበል

ቀረጻው በጁን 1997 የተጀመረው ከለንደን ወጣ ብሎ በሚገኘው በሌቭዝደን ነው። ቦታው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር አውሮፕላን፣ በኋላም የሮልስ ሮይስ ሞተር የሚሠራበት ግዙፍ ፋብሪካ ነበር። በባዶዎቹ አዳራሾች ውስጥ የንግሥት ቤተ መንግሥት፣ የመርከብ ሆድ፣ የምክር ቤት ሰገነት ተገነቡ። ከግንባታው ብዙው ከተዋንያኑ ራስ ትንሽ ከፍ እስከሚል ድረስ ብቻ ነው። የቀረው፣ ጣሪያውም ሰማዩም፣ በኋላ በኮምፒዩተር ይሞላል። ዋናውን ተዋጊ የሚጫወተው ሊያም ኒሰን ደግሞ ከታሰበው በላይ ረጅም ሆኖ ተገኘና አናጢዎቹ በሮቹን ከፍ ማድረግ ግድ ሆነባቸው።

ወጣቱን ኦቢ ዋን የሚጫወተው ስኮትላንዳዊው ዩዋን ማክግሬገር አጎቱ በድሮዎቹ ሦስት ፊልሞች ውስጥ አብራሪ ሆኖ የተወነ ሰው ነው። የብርሃን ጎራዴውን ድምፅ ከልጅነቱ ጀምሮ በአፉ ሲያሰማ ያደገ ነውና ካሜራ ፊትም ሲፋለም ሳይታወቀው ድምፁን ያወጣው ነበር፤ አስቁመው ያንን በኋላ እኛ እንጨምረዋለን አሉት።

በጁላይ ቡድኑ ወደ ቱኒዚያ ወረደ። ልጁ ያደገባት ዓለም ታቱዊን ስሟን የወሰደችው ከደቡብ ቱኒዚያዋ ከተማ ከታታዊን ነው። በቶዘር አቅራቢያ ባለው በረሃ የባሪያ ነጋዴዎች ከተማ ተሠራ። ቀረጻ በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሌሊት ከባድ ማዕበል ተነሣ። ሲነጋ ድንኳኖቹ ተቀዳደው፣ የተሠሩት ግድግዳዎች ወድቀው፣ አልባሳቱ በጭቃ ተለውሰው ተገኙ። ሉካስ ግን እምብዛም አልተሸበረም። በ1976 የመጀመሪያውን ፊልም በዚሁ አገር ሲቀርጽም ማዕበል መትቶት ነበርና እንደ መልካም ምልክት ወሰደው። ሠራተኞቹ የቀረውን ሰብስበው ቀጠሉ። ያ ከተማ ዛሬም እዚያው ቆሟል፤ ጎብኚ ይሄድበታል፤ የሚጓዘው የአሸዋ ክምር ሊውጠው እየተጠጋው መሆኑንም አጥኚዎች ጽፈዋል።

ፊልሙን የኮምፒዩተር ሥራ ብቻ አድርጎ የሚያስብ ብዙ ነው። ወደ 2,000 የሚጠጉ ትዕይንቶቹ የዲጂታል እጅ ነክቷቸዋል፤ እውነት ነው። ግን ሞዴል ሠሪዎቹ በዚህ ፊልም የሠሩት ሥራ ከቀደሙት ፊልሞች ይበዛል እንጂ አያንስም። ልጁ የሚወዳደርበትን የእሽቅድድም ስታዲየም አስቡ። በመቶ ሺዎች የሚገመት ሕዝብ መቀመጫውን ሞልቶ ይወዛወዛል። ያ ሕዝብ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነው። ሞዴል ሠሪዎቹ የጥጡን ጫፍ በልዩ ልዩ ቀለም እየነከሩ፣ ዘንጉን በወንፊት ላይ አንድ በአንድ እየሰኩ ትንሹን ስታዲየም ሞሉት፤ ከሥር በማራገቢያ አየር ሲነፍሱበት ጥጦቹ ተንቀጠቀጡ፤ ካሜራው ከላይ ሲያልፍ ሕዝብ ሆኑ። ከንግሥቲቱ ከተማ ገደል ሥር የሚወርደው ፏፏቴም ጨው ነው። በትንሽ ሞዴል ላይ ውኃ ሲፈስ ጠብታው ትልቅ ሆኖ ሐሰቱን ያጋልጣል፤ የሚፈስ ጨው ግን በቀስታ ሲታይ ከሩቅ የሚታይ ፏፏቴ ይመስላል። የቤተ መንግሥቱ ውስጥ ደግሞ እውነተኛ ቤተ መንግሥት ነው፤ በደቡብ ኢጣሊያ ካዜርታ የሚገኘው፣ የኔፕልስ ነገሥታት ያሠሩት።

> በስታዲየሙ ውስጥ የሚጮኸው ሕዝብ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነው።

ሆሊዉድ ቡለቫርድ ላይ

በኤፕሪል 1999 መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ከግራውማንስ ቻይኒዝ ቲያትር ፊት ለፊት ጥቂት ሰዎች ታጣፊ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። ፊልሙ ሊከፈት ስድስት ሳምንት ይቀራል። ትኬት ገና አልወጣም፤ በዚያ ቲያትር ይታይ አይታይ እንኳ በይፋ አልተነገረም። ቦታውን የመረጡት በ1977 የመጀመሪያው ስታር ዋርስ ብዙ ሰው ያየበት ስለሆነ ነው።

ሰልፉ እያደር ሥርዓት ያዘ። ሰዉ እየተፈራረቀ ይተኛል፣ ለሥራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ያሰባስባል። ላፕቶፕ ይዞ የእያንዳንዱን ቀን ውሎ በኢንተርኔት ለዓለም የሚጽፍም ነበር፤ ያኔ ይህ አዲስ ነገር ነው። መንገደኛው ይገረማል፤ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ይመጣል፤ ተሰላፊዎቹን እንደ እብድ የሚያይ ብዙ ነው። ከእነሱ የሚሰማው ግን የተለየ ነበር። አንዱ እናትና አባቱ ከመለያየታቸው በፊት አብረው ያዩት የመጨረሻ ፊልም የመጀመሪያው ስታር ዋርስ መሆኑን ያወራል። ሌላዋ ሰፈር ቀይራ ጓደኛ ባጣችበት ዓመት ያጫወቷት እነዚያ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች እንደነበሩ ትናገራለች። ሰልፉ ውስጥ የተገናኙ ሰዎች ወዳጅ ሆኑ። በእኔ ግምት ለብዙዎቹ የዚያ ዓመት ምርጥ ነገር ይህ ነበር፤ ፊልሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የሜይ ወር ሲገባ ነገሩ ከወዳጆቹ እጅ ወጣ። አሻንጉሊቶቹ እኩለ ሌሊት ላይ ለሽያጭ ቀረቡ። የለስላሳ ጠርሙሱም፣ የምግብ ቤቱ ኩባያም፣ የቁርስ እህል ካርቶኑም የፊልሙን ሥዕል ለበሰ። ፊልሙን አይቼ ልፍረድ የሚል ሰው ከማየቱ በፊት በየደጁ ገጠመው።

መብራቱ ሲበራ

ሜይ 19 ደረሰ። ከአዳራሹ የወጡት የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች ለካሜራ እንደወደዱት ተናገሩ። ብዙዎቹ ከልባቸው ነበር። ግን አንድ ዓይነት ዝምታ እንደነበረ በኋላ የመሰከሩ አሉ፤ ደግመው ካዩት በኋላ ነው ያልወደዱት መሆኑን ለራሳቸው ያመኑት። ስድስት ሳምንት በሰልፍ የቆየ ሰው አልወደድኩትም ለማለት ይከብደዋል።

የከሰሱት ብዙ ነገር አለ። ፊልሙ የሚከፈተው በንግድ መሥመር ቀረጥና በመርከብ እገዳ ነው። ተዋንያኑ ሰው አልባ በሆነ አዳራሽ፣ በአካል ከሌለ ፍጥረት ጋር የሚነጋገሩ በመሆናቸው ንግግራቸው ደርቋል። ቀድሞ ምሥጢር የነበረው ያ ሁሉን የሚያስተሳስር ኃይል አሁን በደም ምርመራ የሚለካ ነገር ሆነ። ለማሳቅ የገባው ረጅም ጆሮው ጃር ጃር ቢንክስ ብዙውን አሰለቸ፤ የእሱም የሌሎች ፍጥረታትም አነጋገር በሰዎች ዘር ላይ የተለመዱ የንቀት ሥዕሎችን ይመስላል ብለው ሃያስያን በጽኑ ወቀሱ። ይህ ወቀሳ ተገቢ ይመስለኛል፤ ዛሬም ስመለከተው ይጎረብጠኛል።

በዚያው ዓመት በማርች መጨረሻ «ዘ ማትሪክስ» ወጥቶ ነበር። ማንም በሰልፍ አልጠበቀውም። ማንም መጨረሻውን አያውቅም። ሰዎች ምን እንደሚያዩ ሳያውቁ ገብተው አፋቸውን ከፍተው ወጡ። በ1977 ስታር ዋርስ ያደረገውን በ1999 ያደረገው እሱ ነው፤ የቻለውም ስላልተጠበቀ ነው። «ዘ ፋንተም ሜናስ» የሚወዳደረው ግን ከሌላ ፊልም ጋር አልነበረም። በየሰዉ ጭንቅላት ውስጥ ለአሥራ ስድስት ዓመት ሲታይ ከኖረው ፊልም ጋር ነበር። በዚያ ፊልም ውስጥ ወጣቱ አናኪን፣ ማለትም የኋላው ዳርዝ ቬደር፣ ኩሩ ተዋጊ ነው። በመጋረጃው ላይ የመጣው ግን እናቱን የሚወድ፣ የተሰበረ ዕቃ የሚጠግን የዘጠኝ ዓመት ባሪያ ነው። ሉካስ ልጁን መጀመሪያ ትንሽ ከፍ ባለ ዕድሜ አስቦት ነበር። ዝቅ ያደረገው ከእናት መለየት የዘጠኝ ዓመት ልጅን ይበልጥ ስለሚጎዳ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር። የተመልካቹ ጉጉት ግን ወዲያ፣ የዳይሬክተሩ ሐሳብ ወዲህ ነበሩ።

ፊልሙ በገንዘብ በኩል አልወደቀም። ሉካስ ከራሱ ያወጣው 115 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ፊልሙ የ1999 ከፍተኛ ገቢ ያስገኘ ሆነ።

ሙዚቃው የሚያውቀው

መጨረሻው የታወቀ ታሪክ አንድ ሀብት አለው፤ ይህ ፊልም ያንን ሀብት የተጠቀመባቸው ቦታዎች አሉ። እዚያ ላይ ቆም ልበል።

ልጁ ከእናቱ ሲለይ ጥቂት ይራመድና ይቆማል። ተመልሶ እቅፏ ውስጥ ይወድቃል። እሷም ወደኋላ ሳይመለከት እንዲሄድ ትነግረዋለች። ስዊድናዊቷ ፔርኒላ ኦገስት ይህን የምትለው እንባዋን ይዛ፣ ፊቷን አረጋግታ ነው። ይህን ትዕይንት ለብቻው ያየ ሰው አንድ ልጅ ከእናቱ ሲለይ ያያል። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ግን ያ መለያየት ለሚሊዮኖች ሞት እንደሚሆን ያውቃል፤ ሄዶ ልጁን ሊያስቆመው ይቃጣዋል።

ሌላው ፓልፓቲን ነው። ለስላሳ አንደበት ያለው የምክር ቤት አባል፣ አገሩ ስለተወረረች የሚቆረቆር የሚመስል። በኢያን ማክዲያርሚድ አተዋወን ጠርዝ የለውም። ወረራውን በስውር ያቀናበረው እሱ ራሱ ነው። የአገሩ ንግሥት በምክር ቤቱ መሪ ላይ እምነት እንደሌላት እንድታስታውቅ ይመክራታል፤ በሕጋዊ ድምፅ ይመረጣል፤ ችግሩን በፈጠረ እጁ የችግሩ መፍትሔ ሆኖ ይሾማል። በ1999 ብዙ ሰው ያዛጋበት የምክር ቤት ክርክር ይህ ነው። ከፊልሙ ሁሉ በደንብ ያረጀው ክፍል እሱ እንደሆነ አሁን ጎልማሳ የሆኑ ተመልካቾች ደጋግመው ይናገራሉ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። በፍጻሜው ላይ ይህ ሰው እጁን በልጁ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ የወደፊት እርምጃውን በትኩረት እንደሚከታተል ይነግረዋል። አንድም ጎራዴ ሳይመዘዝ ከፊልሙ ሁሉ የሚያስፈራው ቅጽበት ይህ ነው።

የዚህን ሁሉ ምሥጢር ከስክሪፕቱ በተሻለ የያዘው ግን የጆን ዊልያምስ ሙዚቃ ነው። በለንደን በአቤይ ሮድ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ነው የተጫወተው። ለአናኪን የጻፈለት ዜማ ሲጀምር ገር ነው፤ ክፋት የማያውቅ ልጅ ይመስላል። ዜማው ወደ ማረፊያው ሲወርድ ግን ጆሮ የሚያውቀውን ነገር ያነሣል፦ በድሮዎቹ ፊልሞች ዳርዝ ቬደር ሲገባ የሚሰማውን የሰልፍ ሙዚቃ ጥቂት ኖታዎች። ለስለስ ብለው፣ በዋሽንትና በክር ተሸፍነው ያልፋሉ። ላልሰለጠነ ጆሮ የመጨረሻው ቃና ትንሽ ያዘነ ይመስላል፤ ምክንያቱን ሳያውቀው ሆዱ ይባባል።

በፍጻሜው ደግሞ የድል ሰልፍ አለ። ሕፃናት ይዘምራሉ፣ አበባ ይበተናል፣ ከተማው ይደሰታል። ያ የደስታ መዝሙር በድሮዎቹ ፊልሞች የክፉው ንጉሠ ነገሥት ዜማ ሆኖ በወፍራም የወንድ ድምፅ ከሥር የሚያጉረመርመው ያው ዜማ ነው። ዊልያምስ ወደ ደስታ ስልት አዙሮ፣ አፍጥኖ ለሕፃናት ሰጣቸው። ሕዝቡ ነፃ ወጣሁ ብሎ የሚጨፍረው በሚገዛው ሰው ዜማ ነው። ከሚያጨበጭቡት አንዱም አይሰማውም፤ የሚሰማው ተመልካቹ ነው፤ እሱም መጨረሻውን ስለሚያውቅ ብቻ።

> ሕዝቡ ነፃ ወጣሁ ብሎ የሚጨፍረው በሚገዛው ሰው ዜማ ነው።

ሰው ላይ የወደቀ ቁጣ

የተቆጣ ወዳጅ ቁጣውን የት እንደሚያራግፍ ፈለገ። ስክሪፕቱን የጻፈው፣ ያዘጋጀው፣ ገንዘቡንም ያወጣው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ብዙ ተሰድቧል። የከፋው ግን የወደቀው በሁለት ተዋንያን ላይ ነው።

ጄክ ሎይድ አናኪንን ሲጫወት የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ከሺዎች መካከል የተመረጠ፣ ሳቂታ ልጅ። ሃያስያን አተዋወኑን በጋዜጣ ነቀፉ፤ በትምህርት ቤት ልጆች የጎራዴ ድምፅ እያሰሙ ይሳለቁበት እንደነበር አድጎ ተናግሯል። ትወናውን ተወ። የስምንት ዓመት ልጅ የተባለውን ነው የሚሠራው፤ የሚናገረውን እሱ አልጻፈውም።

አህመድ ቤስት የመድረክ ሰው ነበር፤ በቆርቆሮና በመጥረጊያ ሪትም በሚሠራው «ስቶምፕ» በተባለው ትርዒት ውስጥ ይታይ ነበር። ጃር ጃርን በሙሉ የተወነው እሱ ነው፤ ሰውነቱም ድምፁም። ባለሙያዎቹ የኮምፒዩተር ፍጥረቱን በእሱ እንቅስቃሴ ላይ ገነቡት። አንድ ዋና ገጸ ባሕርይ ከተዋንያን ጋር እኩል ሙሉ ፊልም የሚኖር ዲጂታል ፍጥረት ሲሆን ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በኋላ በሌሎች ፊልሞች የተወደሱት መሰል ገጸ ባሕርያት በእሱ መንገድ ላይ ነው የሄዱት። ያገኘው ግን ምስጋና ሳይሆን ስድብ ሆነ። በ2018 በማኅበራዊ ገጹ ከልጁ ጋር የተነሣውን ፎቶ አውጥቶ፣ በዚያ ቦታ በ1999 ሕይወቱን ሊያጠፋ ተቃርቦ እንደነበረ ገለጠ። ያኔ የ25 ዓመት ወጣት ነበር።

ይህን ሳስብ በጣም አዝናለሁ። አንድን ነገር የሚወዱ ሰዎች የሚወዱትን ነገር በሠራ ሰው ላይ እንዲህ መጨከናቸው ዛሬ በየማኅበራዊ ገጹ የለመድነው ሆኗል፤ ያኔ ገና እየተጀመረ ነበር። ሁሉም ቁጣ ግን ጭካኔ አልሆነም። በሎስ አንጀለስ የሚኖር አንድ ኤዲተር ፊልሙን በራሱ ቆራርጦ ሃያ ደቂቃ ያህል አሳጥሮ እጅ በእጅ እንዲዞር አደረገ። የሐሳብ ልዩነትን እንዲህ በሥራ መግለጽ ያስከብራል።

የሕፃናቱ ፊልም

በ1999 ሰልፍ ላይ ከነበሩት አዋቂዎች ጎን ሌላ ተመልካች ነበር፦ የአባቱን እጅ ይዞ የገባው የሰባት ዓመት ልጅ። እሱ አሥራ ስድስት ዓመት አልጠበቀም። በልቡ የሠራው ፊልም የለም። ያየው የሚበር እሽቅድድም፣ ቀይና ጥቁር ፊት ያለው ባለ ቀንድ ጠላት፣ በሁለት ወገን የሚቆርጥ ጎራዴ፣ እንደሱ ትንሽ ሆኖ መርከብ የሚያበር ጀግና ነው። ጃር ጃር አስቆታል። ያ ልጅ አሁን አድጓል። በሜይ 2024 ፊልሙ ለሃያ አምስተኛ ዓመቱ ሲኒማ ቤት ሲመለስ በዚያ ሳምንት መጨረሻ በሰሜን አሜሪካ በገቢ ሁለተኛ የወጣው በዚህ ትውልድ ትኬት ነው።

በኤፕሪል 2019 በቺካጎ ለፊልሙ ሃያኛ ዓመት በተዘጋጀ ጉባኤ አህመድ ቤስት መድረክ ላይ ሲወጣ አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበለት። በማርች 2023 ደግሞ «ዘ ማንዳሎሪያን» በተባለው ተከታታይ ድራማ ውስጥ በራሱ ፊት፣ ያለ ኮምፒዩተር ጆሮ ታየ። የተሰጠው ሚና ኬለራን ቤክ የተባለ ተዋጊ ነው። የእነ ኦቢ ዋን ዓይነት ተዋጊዎች ቤተ መቅደስ እየነደደ፣ ወታደሮች ተዋጊዎቹን እየጨፈጨፉ ባለበት ሌሊት በሁለት እጁ ሁለት የብርሃን ጎራዴ ይዞ አንድ ሕፃን ከሞት ያወጣል። ሕፃኑ ተመልካቹ በፍቅር የያዘው ትንሹ አረንጓዴ ግሮጉ ነው። ያንን ጦር ወደ ቤተ መቅደሱ እየመራ ያስገባው ደግሞ አድጎ ዳርዝ ቬደር የተባለው አናኪን ነው።